በ4 ቀኑ ክብደቱ ለቀነሰው ልጅሽ

3.2 ኪሎ የተወለደው ልጅሽ በ4ኛው ቀን 2.95 መሆኑ ብቻውን ወተትሽ አልበቃውም ማለት አይደለም። የቀነሰው 8 በመቶ ግድም ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፣ አብዛኛው ፈሳሽ ነው፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል።

ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው፣ ከተኛም ቀስቅሽው። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ዳይፐር ካራሰ፣ ካካውም ከጥቁር ወደ ቢጫ ከዞረ ወተቱ እየገባለት ነው።

ስታስመዝኚው ግን ራቁቱን፣ በአንድ ሚዛን ይሁን። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ከነሹራቡና ከነዳይፐሩ አስመዝኜ፣ በሳምንቱ ራቁቱን ሲመዘን የቀነሰ መስሎኝ ስንት እንባ አፈሰስኩ! የስኳር ውሃ ወይ ቅቤ አቅምሺው ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ። ለመጥባት ካልነቃ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ካተኮሰው ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ነገ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።