ከልጆች ጋር ወደ አቡነ ዮሴፍ፦ ጥያቄና መልስ

ልጆቼን ይዤ ከደሴ በወልድያና በጋሸና አድርጌ ላሊበላ፣ ከዚያም አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደጋግሜ ወጥቻለሁ። ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ ውሻ ይዛችሁ አትውጡ።

ከኮምቦልቻ፦ መንገዱ እንዴት ነው?
መልስ፦ የትኛው መንገድ? በየትኛው ወር? ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ጭጋግና ጭቃ ነው።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ልጆቼ የበረዶ ግግር ማየት አምሯቸዋል። እዚያ አለ?
መልስ፦ የለም። ዛሬ አገራችን ውስጥ የትም የለም። አፍሪካ ውስጥ የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ርዌንዞሪ ላይ ነው፤ እሱም እየቀለጠ ነው። ድሮ በበረዶ ዘመን ባሌ ላይ ነበር። አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4200 ሜትር በላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ በማለዳ ብትደርሱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ከወልድያ፦ ቀይ ቀበሮ በእርግጥ ይታያል?
መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር! ይታያል፣ ትዕግሥት ላለው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በጠቅላላው የቀረው 500 ገደማ ነው። በወሎ አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት ላይ ጥቂት አለ። የሚያድነው አይጥ ነው፣ ያውም በቀን። ስለዚህ ጓሳው (የደጋው ረጅም ሣር) ዳር ቁጭ በሉ፣ ልጆቹን ዝም አሰኙ፣ የአይጥ ጉድጓድ የበዛበትን ቦታ እዩ። የኔ ትንሿ ልጅ ከእኔ ቀድማ ነው ያየችው፤ ጆሮው ከጅብራው (ከረጅሙ የደጋ ተክል) ጀርባ ብቅ ሲል። የሚጨርሰው ጠመንጃ ሳይሆን ከውሻ የሚጋባበት በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። አንድ የታመመ ውሻ መንጋውን በሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ከደሴ፦ ቀበሮ ሳይሆን ተኩላ ነው እኮ።
ከላስታ፦ እኛ አገር ስሙ ቀይ ቀበሮ ነው። አያቶቻችን ያወጡትን ስም አትቀይሩብን።
ከደሴ፦ ስሙን መች አልኩ፣ ዘሩን እንጂ!
መልስ፦ በዘር ለተኩላ ይቀርባል፣ ስሙ ቀይ ቀበሮ ነው። በቃ፣ ወደ ጉዟችን።

ከመርሳ፦ ጥሩ ሆቴል ጠቁሙን።
መልስ፦ ላሊበላ ሞልቷል። እዚያው ጠይቁ።

ከሐይቅ፦ የ6 ዓመት ልጄን ከፍታው አይጎዳብኝም?
መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ላሊበላ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሽቅቡን በቅሎ ተከራዩላት። ራሷን ካመማት ወይም ካስመለሳት ግን ጫፍ ልትደርሱ ጥቂት ቢቀራችሁም ወዲያው ውረዱ። እዚያ ለምታዩአቸው ጭላዳ ዝንጀሮዎችም ዳቦ አትወርውሩ፤ ምግባቸው ሣር ነው።

ከኮምቦልቻ፦ የኛ ውሻ ተከትቧል፣ ይዘነው ብንሄድስ?
መልስ፦ አይሆንም አልኩ! የተከተበም ቀይ ቀበሮዎቹን ያባርራቸዋል። ጎረቤት ጋ ተዉት።

ከከሚሴ፦ መንገዱ እንዴት ነው?
መልስ፦ ወሩን ንገሩኝ።