ትንፋሽ ቀድሞ ይመለሳል፣ እግር ኋላ ይደርሳል

ልጆቼ፣ ከጉዳት ያገገመ ሯጭ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጋሼ፣ መቼ ልሩጥ?» ብሎ ነው። «በምን ፍጥነት ልጀምር?» የሚለኝ ከስንት አንድ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሐኪም ፈቅዶላቸው ልምምድ ጀምረው፣ በወሩ እያነከሱ ተመልሰው የመጡ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። የጀመሩበት ቀን ምንም አልነበረበትም። የጣላቸው የሮጡበት ፍጥነት ነው።

በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሜዳ ላይ ግን ወጌሻ ነው የምባለው፣ ለምጄዋለሁ። ዕድሜዬ የሄደው የሯጭ ባትና ቁርጭምጭሚት ስዳስስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጎድታችሁ ስታርፉ ልብም፣ ጡንቻም፣ ጅማትም፣ አጥንትም ይደክማል። ሲመለሱ ግን እኩል አይመለሱም። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይስተካከላል። ጡንቻም ብዙ አያስቸግርም። ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ወራት ይፈልጋል። የአጥንት ፀባይ ደግሞ ለብቻው ነው። አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፣ አዲሱን የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በመሀል ያሉት ሳምንታት አጥንቱ ከወትሮው የሚሳሳባቸው ናቸው። ትንፋሻችሁ «በቃ፣ ድነሃል» የሚላችሁስ መቼ ነው? በዚያው ሰሞን፣ ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ። ያኔ ሞተሩ ታድሶ ፍሬኑ ያልተሠራ ሚኒባስ ናችሁ።

ስለዚህ ፍጥነታችሁን የሚወስነው ከሁሉም ዘግይቶ የሚድነው የሰውነታችሁ ክፍል ነው። የእጅ ሰዓታችሁም፣ ከጉዳቱ በፊት ያስመዘገባችሁት ሰዓትም እዚህ ላይ ድምፅ የላቸውም።

ከመሮጣችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብላችሁ ያለ ምንም ሕመም መራመድ አለባችሁ። የባት ወይም የተረከዝ ጅማት ጉዳት ከሆነ ሌላም ፈተና አለኝ። ግድግዳ በጣት ነክታችሁ በአንድ እግር ቁሙ። ተረከዛችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንሱ፣ ቀስ አድርጋችሁ መልሱ። በደኅናው እግር 25 ጊዜ ሠርታችሁ የተጎዳው 12 ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ገና ናችሁ። አንዳንዱ ልጅ ቁጥሩን ለመሙላት ጉልበቱን ያጥፋል፣ በወገቡ ይገፋል። አያለሁ እኮ! አልቆጥርለትም።

ይህን ካለፋችሁ አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ በቃ። በማግሥቱ ዕረፍት። ለክለብ ሯጭ «አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ» ስለው ይስቃል። ያሾፍኩበት ይመስለዋል። እስቲ አንድ ቀን እንጦጦ ውጡና ትልልቆቹን የማራቶን ሯጮች በቀላል ቀናቸው ተመልከቱ። ወደ 3 ሺሕ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ተከታትለው፣ ወዲያ ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ እያወሩ ይሄዳሉ። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው የሚደርስባቸው ይመስላል። እነሱ ደኅና ሆነው እንዲህ ከሮጡ እናንተ ከጉዳት ተነሥታችሁ ምን ያስቸኩላችኋል?

ቦታውንም ምረጡ። የተረከዝ ጅማቱን የታመመ ሰው ዳገት አይጀምር፣ ዳገት ያን ጅማት ይስበዋል። እሱ ሜዳ ሜዳውን ይያዝ። ጉልበቱን የታመመ ከቁልቁለት ይራቅ። ቅልጥሙን የታመመ ደግሞ አስፋልቱንም ቁልቁለቱንም ይተው፣ ሣር ላይ ይቆይ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ግን ጉድጓድ ያለበት ሣር ጠላቱ ነው፣ ለእሱ ደልደል ያለ የአፈር መንገድ ይሻለዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ፍጥነቱ ልክ መሆኑን የምታውቁት ስትሮጡ አይደለም፣ በማግሥቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስትራመዱ ተረከዛችሁ ከትናንት ጠዋት የበለጠ ከደረቀባችሁ፣ ትናንት አብዝታችኋል። ጅማት ትንሽ ሕመም ይችላል። ከአሥር ሁለት ወይም ሦስት የምትሰጡት ከሆነና በማግሥቱ ከጠፋ ቀጥሉ። አጥንት ግን ድርድር አያውቅም። ቅልጥማችሁን በአንድ ጣት ስትጫኑት አንዲት ቦታ ላይ ነጥሎ ካመማችሁ፣ ያን ቀን ሩጫ የለም፣ ዱብ ዱብም የለም። «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተብያለሁ» አትበሉኝ። የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ቡድኑ ነው። እኛ አገር ሰው ብቻውን አይሮጥም። ሌሊት ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግተን ሄደን፣ ሰንዳፋ ወይ ሱሉልታ ወርደን፣ ተሰልፈን ነው የምንሮጠው። ጥንካሬያችንም ከዚያ ነው የመጣው። ከጉዳት ለተመለሰ ልጅ ግን ሰልፉ ፈተና ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የቅልጥም ስንጥቅ ድኖላት የተመለሰች ልጅ ነበረች። በጥሩ ሁኔታ እየሮጠች፣ እየተራመደች ሳለ ጓደኞቿ በጎኗ አለፉ። ትከሻዋ ከፍ አለ፣ እርምጃዋ ረዘመ፣ ከኋላቸው ገባች። ጠርቼ ሳቆማት «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እግሯ እንጂ እሷ አልወሰነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳውን በተቃራኒ አቅጣጫ እንድትዞር አደረግኋት። ቡድኑ ፊት ለፊት ሲመጣባችሁ ሰላም ብላችሁ ታልፋላችሁ፣ የምትከተሉት ሰው አይኖርም። ይህን ዘዴ ውሰዱት።

የክለብ ደመወዝና ኮንትራት እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ቤተሰብ የምትረዱም አላችሁ። ስለዚህ ከአሰልጣኛችሁ ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩ። ሳምንት በሳምንት ምን እንደምትሠሩ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ተደብቆ ከመሮጥ ይሻላል። መርፌ ተወግቶ ልምምድ መግባትን በተመለከተ ግን ቃል አላበዛም፣ ተዉት። መርፌው ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያነሣውም። ሴቶች ልጆቼ፣ የወር አበባችሁ ለወራት ከቀረና አጥንታችሁ ከተሰነጠቀ ሁለቱ ተያያዥ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ለምትሮጡት የሚበቃ ምግብ አለመብላት ነው። አትፈሩ፣ ለሐኪም ንገሩ።

«ቀነኒሳስ?» ትሉኛላችሁ። በፈረንጆቹ 2011 ዴጉ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺሕ ሜትሩን አቋርጦ ወጥቶ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ብራስልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸነፈ። እውነት ነው። ከዴጉ በፊት ግን በባት ጉዳት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ርቆ ነበር። እናንተ የምታወሩልኝ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ብቻ ነው። ኃይሌ ከሲድኒ 2000 በኋላ የተረከዝ ጅማቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በቀጣዩ ዓመት ኤድመንተን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘ። ለኃይሌ ነሐስ! ሁለት ወር ቆይቶ ብሪስቶል ላይ የዓለም ግማሽ ማራቶንን አሸነፈ። ጥሩነሽም በጉዳት የ2009ም የ2011ም የዓለም ሻምፒዮና አመለጣት፣ ለንደን 2012 ላይ በ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ወሰደች።

ፍጥነት መጨመር የምትጀምሩት ሳታቋርጡ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሮጣችሁ ጠዋት እግራችሁ ዝም ሲል ነው። መጀመሪያ ርዝመቱን ጨምሩ፣ ፍጥነቱ ይቆይ። በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አትጨምሩ። ከዚያ ሣር ላይ 80 ሜትር ያህል ለቀቅ አድርጋችሁ አራት አምስት ጊዜ ሩጡ፣ ሙሉ ኃይላችሁን ሳትጠቀሙ። ኢንተርቫል፣ ማለትም ፈጣን ሩጫና ዕረፍት የሚፈራረቁበት ልምምድ፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የመጀመሪያው ውድድራችሁ ደግሞ ደረጃና ሰዓት የማይጠበቅባችሁ ይሁን። ውድድሩ ባለቀ በማግሥቱ እግራችሁ ቢቀልላችሁም ልምምድ አትግቡ። ሁለት ቀን ጠብቁ። ጅማት አንዳንዴ ቅሬታውን የሚያቀርበው በሁለተኛው ቀን ነው።