ኮብለር ከላይ በስሎ ከሥር ጥሬ የሚሆነው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ይህ ነገር እኔንም ብዙ ጊዜ ስላንገላታኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ኮብለሩ (ከሥር ፍሬ ከላይ ሊጥ ተደርጎ በኦቨን የሚጋገረው ጣፋጭ) ላዩ ቡናማ ሆኖ አምሮ ወጣ፣ ማንኪያ ሳስገባ ግን የሊጡ ሥር ጥሬ፣ ፍሬው ደግሞ ሾርባ ሆነብኝ ብለሻል። ከፍሪዘር የወጣ ብሉቤሪ ተጠቅመሽ 30 ደቂቃ አቆይተሽዋል። ስኳር አብዝቼ ይሆን ወይ ነው ጥያቄሽ። ስኳሩ አይደለም። ሊጡን ያሳረፍሽው በረዶ ፍሬ ላይ ነው፤ ከዚያም ቀለሙን አይተሽ ቶሎ አወጣሽው።

የሊጡ ላይኛው ክፍል በኦቨኑ አየር ይበስላል፤ ሥሩን የሚያበስለው ግን ፍሬው ነው። ፍሬው ከቀዘቀዘ ሥሩ ሲርስ ይቆይና ላዩ ቀድሞት ይጠቁራል። ስለዚህ እኔ ፍሬውን ለብቻው አስቀድሜ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስገባዋለሁ፤ በረዶ ያልነካው ከሆነ 15 ደቂቃ፣ በረዶ ከሆነ 25 ደቂቃ ያህል። በረዶውን ቀድሞ ማቅለጥ አያስፈልግም። ዳር ዳሩ መፍላት ሲጀምር ነው ሊጡን የማስቀምጠው።

ሾርባ የሆነብሽ ደግሞ በስታርቹ ምክንያት ነው። የበቆሎ ስታርች የሚወፍረው እስኪፈላ ድረስ ሲሞቅ ነው፤ ለብ ባለ ጭማቂ ውስጥ ምንም አይሠራም። የሳህኑ ዳር ሲፈላ መሃሉ ገና ነው፣ ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይህ ነው። አረፋውን ልብ ብለሽ እዪው፦ መጀመሪያ ላይ ቀጭንና ፈጣን ነው፣ እንደ ውሃ ይፈነዳል። ስታርቹ ሲይዝ ግን አረፋው ይከብዳል፣ ቀስ ብሎ ያብጥና «ቧ» ብሎ ይፈነዳል፣ ጭማቂውም ያብረቀርቃል። መሃሉ ላይ ይህን ሳታዪ አታውጪ። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጊበትና ይቀጥል።

እኔ ለ900 ግራም ፍሬ 120 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች (በረዶ ከሆነ 4)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው እጠቀማለሁ። ስታርቹን መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር በደረቁ ማዋሃድ ነው፣ አለበለዚያ ይጓጉላል። እንጆሪ ከበዛበት ውሃ ስለሚለቅ ስታርቹን ትንሽ ጨምሪ።

ለሊጡ 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። 85 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በጣት ጫፍ አሽተሽ የአተር ክክ ሲያክል አቁሚ፤ 150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት ጨምረሽ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስዪው። አታቡኪው፣ ይጠነክራል። ቤኪንግ ሶዳም አታብዢበት፤ ብሉቤሪው የነካው ቦታ አረንጓዴ ይሆናል።

ሊጡን እንደ ክዳን አትዘርጊው። በማንኪያ ስምንት ቦታ ያህል ጣል ጣል አድርጊና በመሃላቸው ክፍተት ተዪ፣ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ከ25 እስከ 35 ደቂቃ በኋላ የመሃለኛውን ቁራጭ በማንኪያ ጫፍ ቀና አድርገሽ ሥሩን እዪ። እንደ ዳቦ ውስጥ ከሆነ በስሏል፤ የሚያጣብቅና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይመለስ።

አንድ ጊዜ ለእንግዶች ሠርቼ ከኦቨን እንደወጣ ቀዳሁት፤ ጭማቂው ሳህኑን ሞልቶ ሊጡ ዋኘበት፣ በጣም አዘንኩ። በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን ስከፍት እንደ ማርማላታ ወፍሯል! ምንም አልጎደለውም ነበር፣ ጊዜ ብቻ ነበር የነፈግኩት። ስታርቹ ጨርሶ የሚረጋው ሲበርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳላሳርፍ አልቀዳም፤ ያኔም ቢሆን ሙቀቱ አይጠፋም።

አሁን እጅሽ ላይ ያለውን ደግሞ እንዳትደፊው። ፎይል አልብሰሽ በ180 ዲግሪ መልሺው፤ 20 ደቂቃ ሲሞላው መሃሉን እዪ፣ ካልተንተከተከ ጨምሪለት። ከሥሩ ትሪ አድርጊ፣ ጭማቂው ገንፍሎ የኦቨኑ ወለል ላይ ካረረ ማስለቀቁ ከባድ ነው።