መልስ፦ የኤሌክትሪክ መኪና አረቦን ሲወዳደር

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፉት ጠያቂ፣ ለኤሌክትሪክ መኪናዎ ሁለት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሰጡዎት አረቦን (ለሽፋኑ የሚከፍሉት ዋጋ) ለምን እንደተራራቀ ጠይቀዋል። በቅድሚያ የሶስተኛ ወገኑን፣ ማለትም መኪናዎ በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባውን መድን፣ ከንጽጽሩ ያውጡት፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነውና አማራጭ የለዎትም። የሚያከራክረው የራስዎን መኪና ጉዳት ጭምር የሚይዘው ሙሉ ሽፋኑ ነው።

የሙሉ ሽፋን አረቦን በዋናነት የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ በሚጣል መቶኛ ስለሆነ፣ ግምቱን ዝቅ አድርጎ የመዘገበ ኩባንያ ርካሽ መስሎ ይታያል። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ተመዝግቦ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ መድን የተገባለት በግማሽ ዋጋው ስለሆነ የሚከፈልዎ የጉዳቱ ግማሽ፣ 200 ሺህ ብር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ (ከጉዳቱ እርስዎ ራስዎ የሚችሉት ድርሻ) ይነሳል።

እኔ ግን ከአረቦኑ ይልቅ ባትሪውን አስቀድማለሁ። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ በመሆኑ፣ የደንገጎን አቀበት ሲወጡ ከመንገዱ የተፈናጠረ ድንጋይ መያዣውን ቢሰረጉደው ጉዳዩ በሰፈር ጋራዥ ቀጥቅጦ በማቃናት የሚያልቅ አይደለም፤ ባትሪው ይቀየር ከተባለ ደግሞ ወጪው የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ውሉ በአደጋ የተጎዳ ባትሪን በአዲስ ዋጋ ይተካ ወይስ የእርጅና ቅናሽ ያደርግበት እንደሆነ በጽሑፍ ያስመልሱ። በአገልግሎት ብዛት አቅሙ መድከሙ ግን እንደ እርጅና ስለሚቆጠር፣ ጥያቄው ለሻጩ ዋስትና እንጂ ለኢንሹራንስ አይቀርብም።

ጎርፍንም ለይተው ይጠይቁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን ለድሬ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም፤ መኪናዎን ወንዙ ዳር የሚያሳድሩ ከሆነ፣ ጎርፍን የሚሸፍነው ውል ጥቂት ቢወደድም እርሱን ይያዙ።