የአባቴን የሥራ ዘመን እንዴት ላስቀምጠው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አቃቂ ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርቷል፣ ከዚያ የጭነት መኪና ረዳት ኋላም ሾፌር ሆኖ አሰብ ድረስ ተመላልሷል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር። ሰፈራችን ገና እርሻ ሳለ ያውቀዋል። «ታሪክህን ንገረኝ» ስለው ግን «ምን ታሪክ አለኝ፣ ሠርቼ በላሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ሳይረፍድ ላስቀምጥለት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አባትዎ የዘጉት ጥያቄው ስለሰፋባቸው ነው። ዕድሜውን በሥራ ያሳለፈ ሰው ትዝታው ያለው መሣሪያው፣ የመግቢያ ሰዓቱ፣ ደመወዙና አለቃው ዘንድ ነው። ስለዚህ «ታሪክ» የሚለውን ቃል ይተዉትና በሥራ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ሥራ እነዚህን ይጠይቁ፦ ማን አስገባህ? ተያዥ ማን ሆነልህ? የመጀመሪያው ቀን ምን አሠሩህ? ሥራውን ማን አስተማረህ? ፈረቃው እንዴት ነበር? ምሳ የት ትበላ ነበር? ማን ተጎዳ? ለምን ለቀቅህ?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ምን ሲበላሽ ነው ሥራ የሚቆመው?» የሚለው ነው። ሙያ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነውና፣ ዝምተኛ ሰው እንኳ እዚህ ላይ እጁን እያወዛወዘ ማስረዳት ይጀምራል። ሽመና ክፍል ከሆነ «ድሩ ሲበጠስ ማሽኑን ማን ያቆማል? እንዴትስ ይቋጠራል? መወርወሪያው ተስፈንጥሮ ሲወጣ ምን ታደርጉ ነበር?» ይበሉ። ሾፌርነቱ ላይ ሲደርሱ «ኤንትሬ (የድሮው ፊያት የጭነት መኪና) ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ከጋለ ምን ይደረጋል? ጎማው በረሃ ውስጥ ቢፈነዳስ?» ብለው ይጠይቁ። ንብረት ክፍል ደግሞ «ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ሳይቆረጥለት የገባ ዕቃ ሲገኝ እንዴት ትመዘግቡት ነበር? ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) እና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሳይገጥም ሲቀርስ?» ማለት ነው። የሥራውን ቃል እርሳቸው እንዳሉት ይጻፉት። «ሺፍት» ካሉ ሺፍት፣ «ማርሽ» ካሉ ማርሽ ነው። ቃሉን ወደ መጽሐፍ አማርኛ ካስተካከሉት የሰውየው ድምፅ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሽመና ማሽን ሥር ለዓመታት የሠራ ሰው ጆሮው ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ያልመለሱት ባለመስማታቸው ሊሆን ይችላል። ደኅና በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ይቀመጡ፣ ፊትዎን አሳይተው ቀስ ብለው ይናገሩ። መጮኹ አይረዳም፤ ድምፁን ያዛባዋል።

ለመቅጃ ስልክ ይበቃል። በበረራ ሁነታ ያድርጉት፤ መሃል ላይ ጥሪ ሲገባ ብዙ ስልኮች ቀረጻውን ያቋርጣሉ፣ እርስዎም የሚያውቁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ፎጣ አንጥፈው ስልኩን ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል አርቀው ያስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ከሆነ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር ቃል ይዋጣል። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከሰዓት በኋላ መቅዳት ከንቱ ድካም ነውና ጠዋት ላይ ይጨርሱ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቀድተው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ሲጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውንና ማን እንደሚናገር በድምፅ ይናገሩ። ከ45 ደቂቃ በላይ አያስኬዱት፤ ከዚያ በኋላ መልሱ ያጥራል፣ ሰውም ይደክማል።

በተለመደው ጥራት የአንድ ሰዓት ቀረጻ 60 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ማታውኑ አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን በቴሌግራም በፋይል መልክ ለራስዎ ይላኩ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ይጀምሩት፣ ጉዳዩን ከኋላ ያስከትሉ፤ እንዲያ ሲሆን በቅደም ተከተል ይሰለፋል። ሁሉንም በጽሑፍ ልገልብጥ ብለው አይነሡ። የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው። ይልቅ ማውጫ ይሥሩ፦ «12ኛ ደቂቃ፣ የመጀመሪያው ቀን በፋብሪካ፤ 31ኛ ደቂቃ፣ የመኪናው መገልበጥ»። የሚገለበጠው ከዚያ ተመርጦ ነው።

ዓመተ ምሕረት ላይ ትልቅ ስሕተት የሚፈጠረው ሰው ዘመኑን በቁጥር ሲጠየቅ ነው። በሚታወቁ ክስተቶች ይጠይቋቸው። የየካቲት 1966 አብዮት ሲፈነዳ የት ነበሩ? የንጉሡ ምስል ያለበት ብር በ1969 ሲቀየር ደመወዛቸውን ከማን ይቀበሉ ነበር? በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አስተማሩ ወይስ ተማሩ? ግንቦት 20 ቀን 1983 መኪናው የት ቆሞ ነበር? አሰብ መመላለሱ በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ስለቆመ፣ የመጨረሻው ጉዞ መቼ እንደሆነ በቀላሉ ይገኛል። ለቅርቡ ዘመን ደግሞ መስከረም 2007 ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ ፈጣን መንገድ ሲከፈትና መስከረም 2008 ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ ሥራ ሲጀምር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ፋብሪካውን የውጭ ዜጎች ያስተዳድሩት ከነበረ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ሊሆን ይችላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። በ1980 የፈረንጅ ዓመት ማርች 15 የተጻፈ ደብዳቤ የእኛ መጋቢት 6 ቀን 1972 ነው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 15 የተጻፈው ግን ጥቅምት 5 ቀን 1973 ይሆናል። ሁሉንም ሰባት እየቀነሱ የሄዱ እንደሆነ አንድ ዓመት አገልግሎት ይጨመራል ወይም ይጠፋል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ በፈረቃ ሰሌዳ ላይ «8» ተብሎ የተጻፈው ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑን ያረጋግጡ።

ወረቀቱን ሁሉ ከሳጥን ያውጡት፦ የቅጥርና የስንብት ደብዳቤ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሠራተኛ መታወቂያ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት፣ የእድር ደብተር። የእድር ደብተር ሲናቅ ያሳዝናል፤ ማን መቼ ጎረቤት እንደነበረ የሚናገር ሌላ ወረቀት ብዙ ቤት የለም። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር አግድም ትይዩ ይዘው ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ ያንሡ። ዋናውን ላሚኔት አያስደርጉ። አንዴ በሙቀት ከታሸገ አይመለስም፣ ማኅተሙን መመርመር የሚፈልግ መሥሪያ ቤትም ይቸገራል። የፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፉ፤ ቢክ ወደ ፊት ገጹ ይታተማል፣ ቀለሙም ይዛመታል።

ሰፈሩን በተመለከተ ካርታ ያሥሏቸው። ትልቅ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የማይንቀሳቀሱትን ያስቀምጡ፦ የአቃቂን ወንዝ፣ በ1909 አዲስ አበባ የደረሰውን የድሮ ባቡር ሐዲድ፣ የደብረ ዘይትን መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያኑን። ከዚያ «ከዚህ እስከዚህ የማን እርሻ ነበር? ውኃ የት ይቀዳ ነበር? የፋብሪካው ፊሽካ እስከየት ይሰማ ነበር?» እያሉ ይሞሉታል። የቀበሌ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ቀበሌዎች ተዋሕደው በወረዳ ስለተተኩ አሮጌው ቁጥር ዛሬ ሌላ ቦታ ሊመስል ይችላል። ከቻሉ አንድ ከጥንት የነበረ የገበሬ ቤተሰብም ይጠይቁ። ኮንዶሚኒየሙና ፋብሪካው ያረፈበትን መሬት ያረሰው እርሱ ነው፣ ካርታው ያለእርሱ ጎደሎ ነው። አባትዎም ሆኑ እርሱ ወደ ኦሮምኛ ከገቡ አያቋርጧቸው፤ እንዳሉት ይቀመጥ።

የቀይ ሽብር ዘመንን የመሰለ ነገር ሲነሣና ዝም ሲሉ አይግፉ። መቅጃውን አጥፍተው «ይህ ይቅር ወይስ ለቤተሰብ ብቻ ይሁን?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ማውጫው ላይ ይጻፉ። በሕይወት ያለ ሰው በስም ተጠርቶ የሚወቀስበት ክፍል ለኅትመት አይግባ።

ለማሳተም ካሰቡ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ ይጻፉ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ማተሚያ ቤት ደርሶ ሲታወቅ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይተየባል። መሃሉ ላይ በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት ከሆነ የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል ይሁን፤ 50 ገጽ ብለው ቢወስዱ ሁለት ባዶ ገጽ ይከፍሉበታል።

ጥያቄ፦ 57 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጥበቃ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚህ በፊት ዘጠኝ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። መሃል ላይ ከ1998 እስከ 2002 በአንድ የግል ኮንትራክተር ዘንድ ነበርኩ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ጡረታ ይሆነኛል?

መልስ፦ የመንግሥቱ ዘጠኝና የአሁኑ ስድስት ዓመት ይደመራሉ። ኮንትራክተሩ ዘንድ የሠሩበት ግን በራሱ አይቆጠርም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ዐቅድ የታቀፉት በ2003 በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ስለሆነ በዚያን ጊዜ መዋጮ አልተከፈለም። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው።

በ60 ዓመትዎ ሲወጡ 18 ዓመት ይሞላዎታል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ስምንት ዓመት 10 በመቶ ስለሚሆን በድምሩ 40 በመቶ ነው። የሚሰላው ከመውጣትዎ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፤ አማካዩ 6,000 ብር ከሆነ በወር 2,400 ብር ይደርሳል። ቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት ይህን ያህል ይከብዳሉ ማለት ነው። አሠሪው ያስመዘገበው ደመወዝ እርስዎ በእጅዎ ከሚቀበሉት ያነሰ እንዳይሆን አሁኑኑ ይመርምሩ። ከደመወዝዎ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ከ6,000 ብር 420 ብር ካልተቆረጠ የተመዘገበው ሌላ ቁጥር ነው። አበል እዚህ ውስጥ አይገባም።

ሰው የሚጉላላባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የልደት ዘመን ነው፦ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ነው፣ ኋላ ያስተካከሉት መታወቂያ አይሽረውም። ሌላው ስም ነው። በአንዱ ደብዳቤ በ«ሀ»፣ በሌላው በ«ኃ» ከተጻፈ፣ ወይም የአያት ስም ከጎደለ፣ ከመጨረሻው ቀን በፊት ያስተካክሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ተዋሕዶ ወይም ፈርሶ ከሆነ የሠራተኛ ፋይሉ ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደተላለፈ ይጠይቁና የአገልግሎት ማስረጃ ያስጽፉ፤ የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ ደመወዝና ጡረታ የተቆረጠ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት። ሲለቁ ተመላሽ የተደረገልዎ መዋጮ ካለ ይህንንም ከመጀመሪያው ይናገሩ፣ ስሌቱን ይለውጠዋልና። ኮንትራክተሩንም አይርሱት። ለጡረታ ባይቆጠርም የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ከመሃል ከተማ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገባን። የድሮውን እድር ትቼ እዚህ ልግባ?

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ይያዙ። ብዙ እድር አዲስ አባል ከገባ በኋላ የተወሰነ ወር ሳያልፍ ለሐዘን ክፍያ አይሰጥም፤ ድሮውን ቶሎ ከለቀቁ በመሃል ያለው ጊዜ ባዶ ይሆናል። መተዳደሪያ ደንቡን ያስነብቡና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የመጠበቂያ ወሩ ስንት ነው? የባልም የሚስትም ወላጆች ይካተታሉ? ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣቱ ስንት ነው? የድሮው እድር ርቆ ለሄደ አባል ቅጣቱን የሚያነሣ ወይም በተወካይ መገኘትን የሚፈቅድ ከሆነ ግን አይልቀቁት፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ለማድረስ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ብቻ አስቀድመው ይስማሙ።