ሚሞሪው ነው ባትሪው? የድሮ ፒንቦል ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮ ፒንቦል (በብረት ኳስ የሚጫወቱበት ማሽን) የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ባትሪው ጋ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ማሽኑን ባጠፋሁ ቁጥር የተመዘገበው ከፍተኛ ነጥብ ይጠፋል። ሚሞሪውን ልቀይረው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ማሽኑ ሲጠፋ ሚሞሪው የያዘውን እንዳይረሳ የሚያደርገው ባትሪው ነው። ማሽንህ ሦስት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ የሚወስድ ከሆነ፣ አዳዲስ ስታስገባ በድምሩ 4.5 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለብህ። ከዚያ ማሽኑ እንደጠፋ ሚሞሪው ላይ ለካ፤ 5101 የሚባለው የሚሞሪ ቺፕ ከሆነ እግር 22 ላይ። እዚያ ምንም ከሌለ፣ ጥፋተኛው መሃል ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ወይም የዛገ የባትሪ መያዣ ነው። ያ መያዣ ስንቱን ያለ ጥፋቱ ቺፕ አስገዝቷል፣ እኔንም ጨምሮ።

ጥያቄ፦ ባትሪው ፈሶ ቦርዱ አረንጓዴ ሆኗል። በቤኪንግ ሶዳ ልጠበው?

መልስ፦ ተው! ይህ ምክር የመጣው ከመኪና ባትሪ ነው፤ እዚያ የሚፈሰው አሲድ ነው። ከአልካላይን ባትሪ የሚፈሰው ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቤዝ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ። ሶዳም ቤዝ ነው፣ ምን ሊጠቅም? አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለህ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው። ከዚያ በውሃ አጥበህ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጨርስና በደንብ አድርቀው። የጠቆረ መዳብ ብየዳ አይቀበልም፤ እስኪያበራ ፋቀው። ሶኬቶቹንም አትመናቸው። ከላይ ንጹሕ ይመስላሉ፣ ቺፑን ስታወጣ ግን ውስጣቸው ተበልቷል።

ጥያቄ፦ የባሊ (የፒንቦል አምራች) ቦርዴ ላይ ያለችው መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ ትቆማለች።

መልስ፦ ከመነሻዋ ፈጣን ብልጭታ በኋላ ሰባት ጊዜ መብራት አለባት። ሦስተኛዋ የ5101 ሚሞሪ ናት፤ እሱንና ሶኬቱን እይ። ሰባተኛዋ ብቻ ከቀረች ግን ሚሞሪውን ተወው፤ የሶሌኖይዱ (የማሽኑን ክፍሎች የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ) 43 ቮልት መምጣቱን፣ ፊውዙንም አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ በባሊው ባትሪ ቦታ ሲአር2032 (የሳንቲም ቅርጽ ያለው የማይሞላ ባትሪ) ልግጠም?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ዳዮድ ሳታስገባ እንዳትሞክረው። የባሊ ቦርድ የተሠራው ለሚሞላ 3.6 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ቻርጅ ያደርጋል። የማይሞላ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊፈስ፣ ሊፈነዳም ይችላል። እኔ ኤንቪራም (ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን የማይረሳ ሚሞሪ) ብትገጥም እመርጣለሁ፤ ባትሪ የሚባል ነገር አይፈልግም። ታዲያ አሮጌውን ባትሪ ቦርዱ ላይ ትተህ እንዳትዘጋው።