የድሮ ካርታ ለጥናትም ለጌምም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስካን ስለተደረጉ የድሮ ካርታዎች ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል ልመልስ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከየት ላውርድ?

መልስ፦ በኢንተርኔት ካለው የድሮ ካርታዎች ክምችት፣ ከዴቪድ ራምዚ ስብስብ ጀምር። የአሜሪካ ጦር ያዘጋጃቸውን ከፈለግክ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ፔሪ ካስታኜዳ ቤተ መጻሕፍት አለልህ። ስክሪንሾት ግን አታንሳ፤ ትልቁን ፋይል አውርድ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ካርታ ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ ስጭን ዓድዋ ሑመራ አጠገብ አረፈች። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሳቅሁ፣ ይቅርታ። እኔም ደርሶብኛል። ያኔ ፈረንሳዮች ኬንትሮስ የሚቆጥሩት ከፓሪስ ነበር። ፓሪስ ዛሬ ኬንትሮስ ከሚቆጠርባት ከግሪንዊች 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ወደ ምሥራቅ ናት። ያንን ካልደመርክ አገሩ በሙሉ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ከደመርክ በኋላ በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትና በወንዝ መገናኛዎች አስተካክለው። በገበያና በመንገድ አትመን፤ ቦታ ይቀይራሉ።

ጥያቄ፦ የዓድዋን ጦርነት የቦርድ ጌም እየሠራን ነው። የጣሊያኖቹን ካርታ ስህተት በሳተላይት ምስል ብናርመውስ?

መልስ፦ እባካችሁ እንዳትነኩት! ጌሙ ያለው እኮ እዚያ ስህተት ላይ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዡ ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ በሰጠው ንድፍ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልቤርቶኔ ሌሊቱን ተጉዞ ንድፉ ያሳየው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት እንደሆነ ነገሩት። ስሙን ተከትሎ ቀጠለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲነጋ ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ ብቻውን የኢትዮጵያ ጦር ፊት ነበር።

ስለዚህ ሁለት ካርታ አትሙ። ለጣሊያኑ ተጫዋች የተሳሳተውን፣ ለኢትዮጵያው ትክክለኛውን። እኛ ቤት ስንሞክረው የጣሊያኑ ተጫዋች «ካርታዬ ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። «እሱንማ ለባራቲየሪ ንገር» አልነው።

ጥያቄ፦ ጌሙን ብንሸጠው ችግር አለው?

መልስ፦ ካርታው ቢያረጅም ስካኑ ላይ ገደብ ሊኖር ይችላል። ከምስሉ ሥር ያለውን ፈቃድ አንብቡ። ለንግድ አይሆንም ካለ፣ እያያችሁ ራሳችሁ ሳሉት።

ጥያቄ፦ ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። በ1683 እ.አ.አ. ያወጣውን ካርታ ለመመረቂያ ጽሑፌ በምንጭነት ልጠቀምበት?

መልስ፦ እሱ ባይረግጥ ኢትዮጵያዊው ካህን አባ ጎርጎርዮስ አገሩን ያውቁታል፤ ብዙውን የነገሩት እሳቸው ናቸው። ርቀት አትለኪበት። አንድ የኢትዮጵያ ካህን አገሩን በቃሉ እንዴት እንደያዘው ለማየት ግን ግሩም ነው። ሉዶልፍ ከኢየሱሳውያን (ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ጽሑፎችም ወስዷል። የቱ ስም ከማን እንደመጣ መለየቱ ያንቺ ሥራ ነው፤ እሱ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።